ከኪቦርዱ በፊት ጆሮ

ልጃችሁ «የሙዚቃ ትምህርት ቤት መግባት እፈልጋለሁ» ካለቻችሁ፣ መጀመሪያ የሚታያችሁ የኪቦርድ ዋጋ ይሆናል። እስቲ ትንሽ ቆዩ። በመግቢያ ፈተና ላይ በአብዛኛው የሚታየው ጆሮ ነው፤ በፒያኖ የተሰማን ድምፅ በአፍ መልሶ ማዜም፣ በጭብጨባ የተሰማን ምት ሳያዛንፉ መድገም።

ፒያኒስቱን ግርማ ይፍራሸዋን አስታውሱ። በልጅነቱ የሚጫወተው ክራር ነበር። ከፒያኖ ጋር የተዋወቀው በ16 ዓመቱ፣ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሲገባ ነው።

ስለዚህ ለልጃችሁ አስጠኚ ከመቅጠራችሁ በፊት አንድ ቀን ቁጭ ብላችሁ ሲያስተምር ተመልከቱ። በድምጿ ያስዜማታል? ትዝታን ከባቲ፣ አምባሰልን ከአንቺ ሆዬ በጆሮዋ እንድትለይ ያደርጋታል? ወይስ አንድ ዘፈን በጣት በጣቱ እያሳየ ያስሸመድዳታል? የተሸመደደ ዘፈን እንግዳ ፊት ያስጨበጭባል፤ ፈታኙ ያልሰማችውን ዜማ ሲያሰማት ግን አያድናትም።

ቤት ውስጥ ደግሞ በየቀኑ 20 ደቂቃ መድቡ። እናንተ አጨብጭቡ፣ እሷ ትድገም፤ እናንተ አንጎራጉሩ፣ እሷ ትቀበል። ስትሳሳት አትሳቁባት፤ ከጎረቤት ልጅ ጋርም አታወዳድሯት።

ዘንድሮ ባታልፍስ? የሰለጠነ ጆሮ የትም አይሄድም፤ ለከርሞም ይጠብቃታል። ፈተናው በአንድ ቀን ያልፋል። በፈተናው ሰበብ ሙዚቃን ከጠላች ግን፣ ያንን የሚመልስላችሁ አስጠኚ አታገኙም።