የልጆች መጽሐፍ ሰሙና ወርቁ

ቅኔ የተማረ ሰው ሰሙን ሰምቶ አያልፍም፤ ወርቁን ይፈልጋል። ለልጅ የተጻፈ ተረት ሲሆን ግን ብዙዎቻችን ሥዕሉ ካማረ፣ አውሬው ከተናገረ፣ ፍጻሜውም ደስ ካሰኘ ሌላ ምን አለበት ብለን መጽሐፉን ለልጁ እንሰጣለን። ነገር ግን ዓለምን ከዞሩት የልጆች መጻሕፍት አንዳንዶቹ የመንግሥትን ነገር የያዙ ናቸውና፣ በዚህ ወር ሦስቱን አንሥተን ከወላጆች ጋር ልንመረምር ወደድን። ዓመታቱን የምንቈጥረው እንደ አውሮፓውያን ነው።

መጀመሪያው ጸሓፊው አውቆ የሸሸገው ነው። በደብሊን ከተማ የቅዱስ ፓትሪክ ካቴድራል አለቃ የነበረው ጆናታን ስዊፍት የጋሊቨርን ጉዞ በ1726 ሲያሳትም ስሙን አልገለጠም። ልጆች የሚደሰቱባት የድንክዬዎቹ አገር ሊሊፑት የዘመኑ እንግሊዝ ናት። ሹመት ፈላጊዎች በገመድ ላይ ይዘላሉ፤ ሳይወድቅ ከፍ ብሎ የዘለለው ይሾማል። ሁለቱ የፖለቲካ ወገኖች በጫማቸው ተረከዝ ቁመት ይለያያሉ። እንቁላል በየትኛው ጫፍ ይሰበር በሚል ክርክርም 11,000 ሰው ያልቃል፤ ይህም የካቶሊክንና የፕሮቴስታንትን ጠብ እንደሚያመለክት ተርጓሚዎቹ ይናገራሉ። ወርቁ ለዐዋቂ ተጻፈ፤ ሰሙ ለልጅ ቀረ።

ሁለተኛው ጸሓፊው ምናልባት ሳያስበው የገባው ነው። የዝሆኑ የባባር ታሪክ በ1931 በፓሪስ ታተመ። አስቀድሞ እናት ለልጆችዋ በመኝታ ጊዜ የነገረችው ተረት ሲሆን፣ ባልዋ ሠዓሊው ዣን ደ ብሩኖፍ በሥዕል አስጊጦ መጽሐፍ አደረገው። አዳኝ እናቱን የገደለበት ግልገል ወደ ከተማ ይሸሻል፤ አንዲት ባለጸጋ አሮጊት ተቀብላ ታለብሰዋለች፤ በአውቶሞቢል ወደ ጫካው ሲመለስም ዝሆኖቹ ከሰው ጋር ኖሮ ብዙ ዐውቋልና ብለው ያነግሡታል። በዚያው ዓመት በፓሪስ ታላቅ የቅኝ ግዛት ኤግዚቢሽን ተከፍቶ ነበር። ቺሊያዊው ጸሓፊ አሪኤል ዶርፍማን በ1983 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ይህ ተረት ቅኝ ገዢነትን አሳምሮ ለልጅ ያቀርባል ሲል ነቀፈው። ብሩኖፍ ክፋት አስቦ ጻፈ ለማለት አንደፍርም፤ ጢስ ባለበት ቤት የተሰቀለ ልብስ ግን ጢስ ጢስ ይሸታል። እናቱን የገደለውና እርሱን ያለበሰችው ከአንድ ወገን መሆናቸውን ተረቱ አይጠይቅም፤ የእኛ ልጅ ግን ሊጠይቅ ይገባዋል።

ሦስተኛው አንባቢ ያገባው ነው። ፍራንክ ባውም የኦዝን ጠንቋይ በ1900 ሲያወጣ ልጆችን ለማስደሰት ብቻ እንደ ጻፈው በመቅድሙ ገልጦ ነበር። በ1964 ሄንሪ ሊትልፊልድ የተባለ አሜሪካዊ መምህር፣ ቢጫው የጡብ መንገድ የወርቅ ገንዘብ፣ የብሩ ጫማ የብር ገንዘብ፣ የገለባው ሰው ገበሬው፣ የቆርቆሮው ሰው የፋብሪካ ሠራተኛው ነው ብሎ ተረጐመ። ትርጓሜውም በየትምህርት ቤቱ ተዛመተ። ይሁን እንጂ ባውም የዚያ ዘመን የገበሬዎች ፖለቲካ ደጋፊ ነበር ለማለት ማስረጃ እንደሌለ ሊትልፊልድ ራሱ በ1992 ጻፈ።

እንግዲህ ወላጅ ምን ያድርግ? የአንድምታ መምህራን ሥርዐት ለቤታችንም ይበጃል። እነርሱ አስቀድመው ንባቡን ያቀናሉ፤ ከዚያ በኋላ «አንድም» እያሉ ይተረጕማሉ፤ ከልብ አንቅቶ መናገርንም ይነቅፋሉ። እኛም መጽሐፉን ለልጁ ከመስጠታችን በፊት ከዳር እስከ ዳር እናንብበው፤ ማን፣ መቼ፣ ለማን እንደ ጻፈውም እንወቅ። ከዚያም ከልጁ ጋር ተቀምጠን «ማን ነገሠ? ስለ ምን ነገሠ? የተበደለውስ ማን ነው?» እያልን እንጠይቀው። መጽሐፉን መንጠቅ አይረባም፤ የተከለከለ መጽሐፍ ተሸሽጎ ይነበባልና፣ ያን ጊዜ የሚያስረዳው አጠገቡ አይኖርም።

በሌላው ሰው ተረት ውስጥ ፍርድን መለየት የለመደ ልጅ፣ አድጎ የሹማምንትን ንግግርና የጋዜጣን ወሬ ሲሰማ በቀላሉ አይታለልም። ለዚህም በየማታው ከግማሽ ሰዓት የማይበልጥ የአባትና የእናት ጊዜ ይበቃል። እግዚአብሔር ለልጆቻችን ማስተዋልን፣ ለእኛም ትዕግሥትን ያድለን።