ቃሬዛ በአደጋው ዕለት አይሠራም

ዋልካ መሬት የሚያርስ ገበሬ የውኃ ማጠንፈፊያ ቦዩን የሚያወጣው ዝናቡ ማሳውን ካጥለቀለቀው በኋላ አለመሆኑን፣ እናንተ የገበሬ ማኅበር መሪዎች ከእኔ የበለጠ ታውቁታላችሁ። ቡቃያው ቢጫ ከሆነ በኋላ የሚቆፈር ቦይ ለከርሞ ይጠቅም እንደሆነ እንጂ ለዘንድሮ አይደርስም። ይህንኑ ለገበሬው ሳስተምር የቆየሁት እኔ፣ ትምህርቱ ለሰው ሕይወትም የሚሠራ መሆኑን የተረዳሁት ጓደኛዬ ከሞተር ብስክሌት ላይ ሲወድቅ በዓይኔ ካየሁ ወዲህ ነው።

ጊዜው ሐምሌ 2014 ዓ.ም.፣ ቦታው በሰሜን ሸዋ የጅሩ አካባቢ ነው። ከእርሻ ኮሌጅ በዲፕሎማ አብረን ተመርቀን በአጎራባች ጣቢያዎች የተመደብን ሁለት የልማት ሠራተኞች፣ የስንዴውን ዘር ስንከታተል ውለን በየሞተራችን ወደ ማደሪያችን እንመለስ ነበር። እርሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ነበርን። ዝናቡ ገና ማባራቱ ስለነበረ ዋልካው ጎማ ላይ ይጠመጠም ነበር። ቁልቁለቱን ስንጀምር የፊት ጎማው ከዳው። ሞተሩ እግሩ ላይ ወደቀ፤ ራሱም ከመንገድ ዳር ድንጋይ ጋር ተጋጨ። ሄልሜቱ በራሱ ላይ ሳይሆን በሞተሩ መሪ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ስንነሳ አይቼዋለሁ፤ ነገር ግን «መንገዱ ቅርብ ነው» ብዬ ዝም አልሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ለእናንተ ሊነገር የሚገባው ነው። እኔ ደርቄ ቀረሁ። ገበሬዎች ሥራቸውን ጥለው ከየማሳው ሮጠው መጡ። አንዱ በብብቱ ይዞ ሊያስቀምጠው ሞከረ፤ ሌላው ራሱን ለሳተው ሰው ውኃ ሊያጠጣው ቀረበ። ሁሉም የሚሠራው ከልቡ አዝኖ ነበር፤ ነገር ግን ምን መደረግ እንዳለበት ያወቀ አልነበረም። የወረዳውን አምቡላንስ ስልክ ቁጥር የያዘ ሰው አልተገኘም። ከሁለት አጣናና ከጋቢ ቃሬዛ እስኪሠራ ድረስ ጊዜው ነጎደ። በመጨረሻም ወጣቶቹ እየተፈራረቁ ተሸክመው ከመኪና መንገድ አደረሱት።

ጓደኛዬ ተርፏል። ዛሬ በሥራው ላይ ነው፤ ነገር ግን ያነክሳል፤ የሰው ስምም ይጠፋበታል።

እኔስ? አካሌ አልተነካም። ሆኖም ለብዙ ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ። የሞተር ድምፅ በሰማሁ ቁጥር እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። «ሞተሩ ተበላሽቷል» እያልሁ በእግሬ መዞር ጀመርሁ። ያልተናገርሁት ቃል፣ «ሄልሜትህን አድርግ» የምትለው፣ ከአእምሮዬ አልወጣ አለች። የሚወዱኝ ሰዎች «ወንድ ልጅ አይደለህም? እርሳው» አሉኝ፤ አንዳንዱም እንቅልፍ እንዲወስደኝ አረቄ ጋበዘኝ። አረቄው ማታ አስተኝቶ ሌሊት ይቀሰቅሰኝ ነበር እንጂ አልፈወሰኝም።

የረዱኝ የቀበሌው የገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበር ናቸው። አንድ ማለዳ ከጣቢያዬ መጥተው ከደጄ ተቀመጡ። «ልጄ፣ ደስ ካለህ ያየኸውን ንገረኝ፤ ካላሻህም ቡና ጠጥተን እንሄዳለን» አሉኝ። ነገርኋቸው። ሳያቋርጡ ሰሙኝ። በማግሥቱም ይዘውኝ ወደዚያ ቁልቁለት ሄዱ፤ ሰው አስተባብረን መንገዱን ድንጋይ አለበስነው። በዚያ ቦታ ላይ በእጄ ሥራ ከሠራሁ በኋላ ነው እንቅልፌ መመለስ የጀመረው።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም፣ መንቀጥቀጥና እንቅልፍ ማጣት ከእንዲህ ያለ ነገር በኋላ በብዙ ሰው ላይ የሚደርስና አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ እየቀነሰ የሚሄድ መሆኑን አስረዳችኝ። ከአንድ ወር በላይ ከዘለቀ ግን ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ለመስክ ሠራተኞች ያዘጋጀው መምሪያም በችግር ለደነገጠ ሰው የሚደረገውን በሦስት ቃል ያስቀምጠዋል፦ ማየት፣ መስማት፣ ከሚረዳው ጋር ማገናኘት። ሊቀ መንበሩ መምሪያውን ሳያነቡ ያደረጉት ይህንኑ ነው።

የተከበራችሁ የገበሬ ማኅበር መሪዎች፤ አንዳንዶቻችሁ «ይህ የጤና መሥሪያ ቤት ጉዳይ ነው» ትሉ ይሆናል። ነገር ግን የመጀመሪያዋ ሰዓት በእጃችሁ ናት፤ ሐኪሙ ከከተማ እስኪደርስ በቦታው ያለው ገበሬው ብቻ ነው። ሞተርም ዛሬ የመንግሥት ሠራተኛ ብቻ መሆኑ ቀርቷል፤ ልጆቻችሁም ሰውና እህል እያመላለሱበት ነው። እድሮቻችን ለሞተ ሰው ድንኳንና ቃሬዛ አዘጋጅተው ያስቀምጣሉ። በሕይወት ላለው ማዘጋጀት እንዴት ያቅተናል? በየአካባቢው ሕመምተኛ የሚሸከም የቃሬዛ ማኅበር ያላችሁም አላችሁ፤ ይህ መልካም ልማድ ሊጠናከር ይገባዋል።

ስለዚህ በሚቀጥለው ስብሰባችሁ ከማዳበሪያና ከዘር ጉዳይ ጋር አራት ነገሮች እንዲነሱ አሳስባለሁ።

አንደኛ፣ በየጎጡ አንድ ጠንካራ ቃሬዛ ሁሉም በሚያውቀው ቤት ይቀመጥ፤ የአምቡላንሱም ስልክ ቁጥር በጽሕፈት ቤቱ፣ በወፍጮ ቤቱና በትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ይጻፍ።

ሁለተኛ፣ ከየጎጡ የተመረጡ ሰዎች በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ይሠልጥኑ። የወደቀ ሰው አንገቱና ወገቡ ሳይታጠፍ በብዙ እጅ እኩል መነሳት አለበት፤ ራሱን ለሳተ ሰው ውኃም ሆነ ምግብ አይሰጥም፤ የሚፈስ ደም በንጹሕ ጨርቅ ተጭኖ ይያዛል። እነዚህን ማወቅ ገንዘብ አይጠይቅም።

ሦስተኛ፣ ያለ ሄልሜት የሚነዳ፣ የልማት ሠራተኛም ቢሆን፣ በማኅበሩ ክልል ሲገኝ ይመከር። በርካታ ጥናቶች ተሰብስበው ሲመዘኑ ሄልሜት የራስ ጉዳትን በ69 በመቶ፣ ሞትን በ42 በመቶ ገደማ የሚቀንስ ሆኖ ተገኝቷል። ለመናገር ማፈር እንደማይገባ ከእኔ ተማሩ።

አራተኛ፣ ከአደጋ በኋላ የቆሰለውን ስትጠይቁ፣ ቆሞ ያየውንም ጠይቁ። ምናልባት ጎረቤቱ፣ ምናልባት ከብት ጠባቂ ሕፃን ይሆናል። «እርሳው» አትበሉት፤ አጠገቡ ተቀመጡ፤ መናገር ባይፈልግ አታስገድዱት፤ ሲበረታም ሥራ አሲዙት።

እኔ ዛሬ ሞተሬን ነድቼ ወደ ገበሬው እሄዳለሁ። ያቺን ቁልቁለት ስደርስ አሁንም ፍጥነቴን እቀንሳለሁ፤ ልቤም ትመታለች። ነገር ግን ከቁልቁለቱ ራስጌ ካለው ቤት አንድ ቃሬዛ ግድግዳ ተደግፎ መቆሙን አውቃለሁ። ይህን ማወቅ ብቻውን ያጽናናል። የእናንተም ቃሬዛ ክረምቱ ሳይገባ ይሠራ እላለሁ።