የሞተረኛው መኝታ፦ የምንገዛው ሙቀት ነው ወይስ ግራም?

በሀገራችን ሞተር ብስክሌት የመዝናኛ መሣሪያ ከመሆኑ በፊት የሥራ መሣሪያ ነው። የግብርና ባለሙያው፣ የእንስሳት ሐኪሙ፣ ለመመረቂያ ጥናቱ መረጃ የሚሰበስበው ተማሪ መኪና በማይደፍረው መንገድ የሚጓዙት በእርሱ ነው። ከእነዚህ አንዳንዱ ሥራው ርቆ ሜዳ ላይ ያድራል፤ ሌላው ደግሞ አገር ለማየት ሲል ድንኳኑን ጭኖ ይወጣል። ሁለቱም የሚያነሱት ጥያቄ ግን አንድ ነው፦ በጥቂት ገንዘብ የትኛውን የመኝታ ከረጢት፣ ማለትም በተለምዶ «ስሊፒንግ ባግ» የምንለውን፣ ልግዛ?

ዘወትር የሚሰጠው ምክር «ገንዘብህን አጠራቅመህ በላባ የተሞላውንና ቀላሉን ግዛ» የሚል ነው። በእኔ አስተያየት ይህ ምክር የተሰፋው በእግረኛ ልክ እንጂ በሞተረኛ ልክ አይደለም። ለምን? መልሱን ከፊዚክስ እንጀምር።

ምድጃው ማን ነው?

የመኝታ ከረጢት አንዲት ካሎሪ እንኳ ሙቀት አያመነጭም። ምድጃው የተኛው ሰው ራሱ ነው። ጎልማሳ ሰው ተኝቶ ሳለ ሰውነቱ በግምት ከ70 እስከ 80 ዋት የሚደርስ ሙቀት ያወጣል። የከረጢቱ ድርሻ ይህ ሙቀት ቶሎ እንዳይሸሽ ማዘግየት ብቻ ነው። የሚያዘግየውም በዋናነት ጨርቁ ወይም ላባው ሳይሆን በመካከላቸው ተይዞ የቆመው አየር ነው። ያልተንቀሳቀሰ አየር ሙቀትን በማስተላለፍ ረገድ እጅግ ሰነፍ ሲሆን፣ ውኃ ግን ከእርሱ ከ20 ጊዜ በላይ የበለጠ ያስተላልፋል።

ከዚህ ሁለት ነገሮችን እንረዳለን። አንደኛ፣ ከረጢትን የሚያሞቀው የንግድ ስሙ ሳይሆን በተዘረጋ ጊዜ የሚኖረው ውፍረት ነው። ሁለተኛ፣ እርጥበት የአየሩን ቦታ በያዘ ቁጥር ውድም ሆነ ርካሽ ከረጢት አቅሙን ያጣል።

ላባ ወይስ ፖሊስተር?

የዝይና የዳክዬ ለስላሳ ላባ በትንሽ ክብደት ብዙ አየር የመያዝ ችሎታው የሚደነቅ ነው። ሲታጠፍም እጅግ ያንሳል። ዋጋው የናረውም በዚህ ምክንያት ነው። ነገር ግን ገዢው ለተጨማሪው ገንዘብ የሚያገኘው ተጨማሪ ሙቀት ሳይሆን የክብደትና የመጠን ቅናሽ መሆኑን ልብ ይሏል። ሻንጣውን በትከሻው ተሸክሞ ተራራ ለሚወጣ ሰው አንድ ኪሎ ግራም ማነስ ትልቅ ነገር ነው። ከመቶ ኪሎ ግራም በላይ ለሚመዝን ሞተር ግን ያው አንድ ኪሎ ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

ላባ ሌላም ድክመት አለው። ሲረጥብ ተጣብቆ ይጎረብጣል፣ ውፍረቱንም ያጣል። የሞተረኛ ጓዝ ደግሞ ጣሪያ የለውም፤ ዝናቡም አቧራውም የሚወርድበት በቀጥታ ነው። ፖሊስተር ቃጫ ውኃ ስለማይመጥ በእርጥበት ጊዜ ከላባ የተሻለ ውፍረቱን ይጠብቃል፤ ፈጥኖም ይደርቃል። ስለዚህ በርካሹ የፖሊስተር ከረጢት ላይ የሚቀርበው ዋና ክስ ክብደቱ ከሆነ፣ ሞተረኛው በዚህ ክስ አይያዝም።

የፖሊስተሩ እውነተኛ ችግር ትልቅነቱ ነው። መፍትሔው ግን ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ከረጢቱን በወፍራም ላስቲክ ጠቅልሎ በማዳበሪያ ውስጥ መክተት፣ ከኮርቻው በስተኋላ ዝቅ አድርጎ በጎማ ገመድ ማሰር፣ ከማርሚታውም ማራቅ ይበቃል፤ ፖሊስተር በሙቀት ይቀልጣልና። ቤት ሲደርሱ ግን ታጥፎ መቀመጥ የለበትም። ለረጅም ጊዜ የተጨመቀ ቃጫ ተመልሶ አይነሣም።

ቁጥሩን ማንበብ

በብዙ ከረጢቶች መለያ ላይ ሦስት የሙቀት መጠኖች ይጻፋሉ፤ «ኮምፈርት»፣ «ሊሚት» እና «ኤክስትሪም»። የእነዚህ ትርጉም በ2002 እ.ኤ.አ. በወጣው ኢኤን 13537 በተባለው የአውሮፓ መለኪያ የተወሰነ ሲሆን፣ በኋላም በ2016 እ.ኤ.አ. አይኤስኦ 23537 የተሰኘው ዓለም አቀፍ መለኪያ ተክቶታል። የመጀመሪያው ቁጥር አንዲት መደበኛ ሴት ዘና ብላ ተጋድማ ሳይበርዳት የምታድርበት ነው። ሁለተኛው አንድ መደበኛ ወንድ ኩርምት ብሎ ሊያድርበት የሚችል ነው። ሦስተኛው ግን የእንቅልፍ ቁጥር አይደለም፤ አንዲት ሴት ለ6 ሰዓት ያህል በብርድ ሳትሞት ልትቆይ የምትችልበት የመጨረሻ ወሰን ነው።

አንዳንድ ሻጭ በትልቁ የሚያሳየው ይህንኑ ሦስተኛውን ነው። «ከዜሮ በታች 10» የሚለውን አይቶ የሚገዛ ተማሪ የገዛው ሞቅ ያለ እንቅልፍ ሳይሆን ከሞት የማምለጫ ሰዓታት ሊሆን ይችላል። ሊታመን የሚገባው የመጀመሪያው ቁጥር ብቻ ነው።

ከሰልባጅ የተገዛ ከረጢት መለያው የጠፋ ቢሆንስ? ያን ጊዜ ማስመሪያ ይበቃል። ከረጢቱን አራግፎ መዘርጋት፣ ጥቂት ማቆየት፣ ውፍረቱን በተለያየ ቦታ መለካት፤ ከዚያም ወደ ብርሃን አንስቶ ቃጫው ሸሽቶ ባዶ የቀረ ቦታ መኖር አለመኖሩን ማየት። ዚፑ ከጀርባው የብርድ መከላከያ ጥቅል ከሌለው ነፋስ በእርሱ በኩል እንደሚገባ መዘንጋት አይገባም።

የተረሳው ወለል

ገዢዎች ሁሉ ስለ ላይኛው ይጨነቃሉ፤ የታችኛውን ግን ይረሳሉ። የተኛው ሰው ከሥሩ ያለውን የከረጢት ክፍል በክብደቱ ስለሚጨፈልቀው አየሩ ይወጣል፤ ላባም ይሁን ፖሊስተር ከታች በኩል ጥቅሙ ጥቂት ነው።

እስቲ እናስላው። 0.4 ካሬ ሜትር የሚሆን የሰውነት ክፍል መሬቱን ይጫናል፣ የቆዳው ሙቀት 35፣ የመሬቱ 5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው እንበል። የፎም ምንጣፉ ውፍረት 1 ሴንቲ ሜትር፣ ሙቀት አስተላላፊነቱም 0.04 ዋት በሜትር በዲግሪ ቢሆን፣ ወደ መሬት የሚሸሸው ሙቀት 0.04 × 0.4 × 30 ÷ 0.01 = 48 ዋት ይሆናል። ልብስንና የተጨፈለቀውን ከረጢት ስላልቆጠርን እውነተኛው መጠን ከዚህ ጥቂት ያንሳል። ቢሆንም ሰውነቱ ከሚያመነጨው ሙቀት ከግማሽ በላይ በአንድ ወገን ብቻ መሸሹ ነው! ሌላ 1 ሴንቲ ሜትር ቢደረብ ኪሳራው በግማሽ ይቀንሳል፤ 24 ዋት። ከረጢቱን በእጥፍ ዋጋ ከመለወጥ ይልቅ ጠንከር ያለ፣ ውኃ የማይመጥ ሁለተኛ የፎም ምንጣፍ መጨመር የሚበጀው ለዚህ ነው።

የደጋው ገበሬ ይህን ያወቀው ያለ ቀመር ነው። ጋቢውን ከመደረቡ በፊት መደቡ ላይ አጎዛ ያነጥፋል። አጎዛ ያለው ሞተረኛ ጭኖ ቢወጣ ሳይንስ ይደግፈዋል። ጋቢውም ቢሆን ከረጢቱ ውስጥ ላላ ብሎ ሲደረብ ይጠቅማል፤ ከባድ ቡሉኮ ከላይ መጫን ግን ቃጫውን ጨፍልቆ አየሩን ያስወጣዋል።

በነዳጅ የሚገዛ ሙቀት

ሞተረኛው እግረኛ የሌለው አንድ ሀብት አለው፤ ከፍታውን መምረጥ ይችላል። ከጎባ ተነሥቶ የሳነቴን አምባ አቋርጦ ወደ ደሎ መና የሚወርደውን የባሌ መንገድ እንመልከት። መንገዱ ከ4,000 ሜትር በላይ ይወጣል፤ ከአምባው በላይም 4,377 ሜትር ከፍታ ያለው ቱሉ ዲምቱ ይታያል። በበጋ ወራት ሰማዩ ጠርቶ ስለሚያድር መሬቱ ሙቀቱን ወደ ሕዋ ይለቃል፣ ሌሊቱም ከዜሮ በታች ይወርዳል። ነገር ግን የአየር ሙቀት በአማካይ በየ1,000 ሜትሩ በ6.5 ዲግሪ ያህል ስለሚለዋወጥ፣ ቀን ሳይመሽ ወደ ሐረና ደን አቅጣጫ 1,000 ሜትር የወረደ ተጓዥ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል በጥቂት ነዳጅ ገዛ ማለት ነው። የሸለቆው ወለል ግን አይመረጥም፤ ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ሌሊት ወደዚያ ይወርዳልና። ከወለሉ ጥቂት ከፍ ያለ፣ ማደር የተፈቀደበት ተዳፋት ይሻላል።

«ርካሽ ዕቃ መልሶ ውድ ነው» የሚሉ ይኖራሉ። አምባው ላይ በበጋ ለማደር ግድ ለሆነበት ተመራማሪ እውነታቸውን ነው፤ በዚያ ርካሽ ከረጢት አይመከርም። ይህን መሰል ከረጢት ግን እያንዳንዱ ተማሪ ለዓመት አንድ ሳምንት ብሎ የሚገዛው ሊሆን አይገባም። ተማሪዎችን ለመስክ ጥናት የሚልኩ የትምህርት ክፍሎች ጥቂቶቹን በጋራ መጋዘን ቢያስቀምጡና በየተራ ቢያውሱ ወጪው ለሁሉም ይቀላል።

ጉዳዩ የምቾት ብቻ አይደለም። በ2000 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት ከ17 እስከ 19 ሰዓት ያለ እንቅልፍ የቆዩ ሰዎች ቅልጥፍና በደም ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር የሚስተካከል ወይም የባሰ ሆኖ መገኘቱን አሳይቷል። ሲንቀጠቀጥ ያደረ ሞተረኛ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር እየነዳ ለ3 ሴኮንድ ቢያሸልብ 50 ሜትር ያለ ነጂ ይሄዳል። በባሌ ጠመዝማዛ መንገድ 50 ሜትር ብዙ ነው።

እንግዲህ ገንዘቡ ጥቂት የሆነ ተማሪ ቅደም ተከተሉን እንዲህ ቢያደርግ እመክራለሁ፦ መጀመሪያ ወፍራም ምንጣፍ፣ ቀጥሎ በ«ኮምፈርት» ቁጥሩ የተመረጠ የፖሊስተር ከረጢት፣ ከዚያ ውኃ የማያስገባ መጠቅለያ። ከዚህ የተረፈውን ለግራም ቅነሳ ከማዋል ለነዳጅ ማዋል ይሻላል።