የእንግሊዝኛ አስተማሪ ከየት ይምጣ?

የስንዴ አረም ማጥፊያውን ምን ብላችሁ ነው የምትገዙት? «ቱ ፎር ዲ» ብላችሁ አይደለም? «ቱ» ማለት ሁለት ነው። «ፎር» ማለት አራት ነው። «ዲ» የፊደል ስም ነው። እንግሊዝኛ አናውቅም የምትሉ የሮቤ ገበሬዎች፣ ሦስት ቃል ታውቃላችሁ ማለት ነው።

ይህ ቋንቋ ወደ አገራችን ትምህርት ቤት የገባው በሰው ነው። ከጣሊያን ወረራ በፊት በትምህርት ቤት የገነነው ፈረንሳይኛ ነበር። ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ከተባረረ በኋላ እንግሊዝኛ ቦታውን ያዘ። አስተማሪው ግን ጥቂት ነበር። ስለዚህ ከውጭ አገር መጣ። ከሕንድ ብዙ መምህራን መጡ። በ1955 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ደግሞ «ሰላም ጓድ» የሚባሉ አሜሪካውያን ወጣቶች ደረሱ። የመጀመሪያዎቹ ከ270 በላይ ነበሩ። ብዙዎቹ ገና ከኮሌጅ የወጡ ናቸው። ከመምጣታቸው በፊት ዋሽንግተን ከተማ ባለው በጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ አማርኛ ተምረዋል። ከዚያ በየከተማው ተበተኑ። ወሊሶ ላይ ያስተማረው ፖል ሶንጋስ፣ አገሩ ሲመለስ የአሜሪካ ሴናተር እስከ መሆን ደርሷል። ሰላም ጓዶች እየተፈራረቁ እስከ 1969 ዓ.ም. አስተማሩና ወጡ። ከብዙ ዓመት በኋላም ተመልሰው መጥተዋል።

የተማሪውን ቋንቋ በደንብ የማያውቅ ሰው እንዴት ያስተምራል? በማሳየት ነው። ጠመኔ ያነሳል፤ «ቾክ» ይላል። ብድግ ይላል፤ «ስታንድ አፕ» ይላል። ቁጭ ይላል፤ «ሲት ዳውን» ይላል። ልጆቹ ይስቃሉ፤ ግን ይይዙታል። ጆሯቸውም ቋንቋውን ከባለቤቱ አፍ ይሰማል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ፈረንጁም ቢሆን ምላሱ አልታዘዝ ይለዋል። «ጠጅ» ለማለት ፈልጎ «ተጅ» ይላል። እኛስ «ፖሊስ»ን «ቦሊስ» እንል የለ?

ማሳየት ግን የሚያደርሰው እስከ አንድ ቦታ ነው። ጠመኔ ይታያል። «ምክንያት» የሚለው ቃል በጣት ይታያል? አይታይም።

ሌላም ችግር አለ። በ1984 ዓ.ም. ቁቤ የኦሮምኛ መጻፊያ ሆነ። ቁቤ የላቲን ፊደል ነው። እንግሊዝኛም የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው። ስለዚህ የሮቤ ልጅ የእንግሊዝኛን ፊደል ሲያይ ያውቀዋል። ድምፁ ግን ሁልጊዜ አንድ አይደለም። እንግሊዞች «ኤክስ» የሚሏት፣ ሁለት እንጨት የተመሳቀለ የምትመስል ፊደል አለች። በቁቤ «ጥ» ተብላ ትነበባለች። በእንግሊዝኛ «ክስ» ናት። በሬ በእንግሊዝኛ «ኦክስ» ይባላል። ልጁ ግን በለመደው በቁቤ «ኦጥ» ብሎ ያነበዋል። «ሲ» የምትባለዋም እንዲሁ ናት። በቁቤ «ጭ» ናት። ድመት በእንግሊዝኛ «ካት» ሲሆን፣ ልጁ «ጨት» ሊል ይችላል።

ከውጭ የመጣው አስተማሪ ይህን ሲሰማ ግራ ይገባዋል። ልጁ አላጠናም ብሎ ያስባል። ኦሮምኛ የሚያውቀው መምህር ግን ስህተቱ ከየት እንደመጣ ወዲያው ያውቃል። ልጁ ሰነፍ አይደለም፤ የሚያውቀውን ነው ያነበበው። ስለዚህ እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቀው መምህር ይበልጣል። ፈረንጁ ሲገኝ ከጎኑ ቢቆም መልካም ነው። ለነገሩ እንግሊዝኛ የፈረንጅ ሁሉ የእናት ቋንቋ አይደለም። በ1960 ዓ.ም. አሰላ ላይ ካዱ የተባለውን የእርሻ ልማት ሥራ ያቋቋሙት ስዊድኖች ነበሩ። እነሱም እንግሊዝኛን የተማሩት እንደ ልጆቻችሁ፣ በትምህርት ቤት ነው።

ነገሩ ቀላል አይደለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት እንዲሰጥ ወሰነ። 9ኛ ክፍል ሲገባ ግን ሒሳቡም፣ ፊዚክሱም፣ ታሪኩም በእንግሊዝኛ ይሆናል። ቋንቋው ያልገባው ልጅ የሚወድቀው በአንድ ትምህርት ብቻ አይደለም፤ በሁሉም ነው። ጎበዝ የነበረ ልጅ እዚያ ላይ ደብተሩን ጥሎ ይቀራል።

እናንተ እንግሊዝኛ ባታውቁም ልጃችሁን መርዳት ትችላላችሁ። «እስቲ እንግሊዝኛ ተናገር» አትበሉት፤ ያፍራል። አንድ መስመር እንዲያነብ ጠይቁት። ከዚያ በኦሮምኛ ወይም በአማርኛ ምን ማለት እንደሆነ ይንገራችሁ። ማንበቡን አንብቦ ትርጉሙን ካጣው፣ ሸምድዶታል እንጂ አልገባውም። ሄዳችሁ ለመምህሩ ንገሩት። መምህሩ አይቆጣም።

ቱ ፎር ዲ ስትገዙም ከፍ ያለውን ልጃችሁን ይዛችሁ ወደ ሱቁ ግቡ። ዕቃውን ሳይነካ ጽሑፉን ያንብብላችሁ። «ፖይዝን» የሚል ቃል ካለ ፈልጎ ያሳያችሁ። መርዝ ማለት ነው።