በሩቅ ሆኖ አናጢ ማሠራት

«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይባላል፤ ባለቤቱ ባሕር ማዶ ሲሆን ግን አጥሩን ለመነቅነቅ መናቅም አያስፈልግ። በንፋስ ስልክ ላፍቶ፥ ከለቡ እስከ ጀሞ፥ ውጭ አገር ያለ ወንድማቸውን ቤት የሚያሠሩ ተማሪዎችና ወጣት የመንግሥት ሠራተኞች አሉ። ገንዘቡ ከዚያ ይላካል፤ አናጢ መፈለጉና መቆጣጠሩ በእነርሱ ላይ ይወድቃል።

ወዳጄ ሆይ፥ ይህ ዕጣ ከደረሰህ አስቀድመህ አናጢው ከዚህ በፊት የሠራበትን ቤት ሄደህ እይ። በሩ ክረምትና በጋ ሳይጣመም ይዘጋ እንደ ሆነ ባለቤቱን ጠይቅ። ዋንዛ መልካም እንጨት ነው፤ ነገር ግን ሳይደርቅ ከተሠራ ዋንዛም ይጣመማል።

ቀጥሎ የእንጨቱን ዓይነት፥ ልኩን፥ ዋጋውንና ሥራው የሚያልቅበትን ቀን በጽሑፍ ተዋዋሉ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፥ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፥ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለው ቢተው ግን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል ይላል። ስለዚህ ከውሉ ላይ «ቀብድ» የሚለው ቃል ተለይቶ ይጻፍ። የቀረውን ሥራው እየታየ ክፈል። የእጁን ዋጋ ግን በቀኑ ስጠው፤ ክፍያ የዘገየበት አናጢ ወደ ሌላ ቤት ይሄዳልና።

የወጣውን ብር ሁሉ ከነደረሰኙ መዝግበህ ለወንድምህ ላክለት። በር ቢጣመም ሌላ በር ይሠራል፤ በወንድማማች መካከል የገባውን ጥርጣሬ የሚያቃና አናጢ ግን አይገኝም።