ስለ ጾምና ስለ መኪና መንዳት

«የስኳር በሽታ ያለበት ሰው እየጾመ መኪና ቢነዳ ጉዳት አለውን?» የሚለው ጥያቄ በየቤተሰቡ የሚነሣ ስለ ሆነ፥ በዛሬው ዓምዳችን መልስ እንሰጥበታለን።

ኢንሱሊን ወይም ስኳርን ዝቅ የሚያደርግ ክኒን ወስዶ እህል ሳይቀምስ የሚውል ሰው፥ በደሙ ውስጥ ያለው ስኳር ከመጠን በታች ሊወርድበት ይችላል። ያን ጊዜ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ላብ ያጠምቀዋል፤ ዓይኑ ይደበዝዛል፤ ሐሳቡም ይበተናል። ከገራዶ ዳገቱን ወደ ደሴ ወጥቶ፥ ከዚያም 600 ሜትር ያህል ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ ለሚነዳ ሰው፥ የአንድ አፍታ መዘንጋት የራሱንና የተሳፋሪዎቹን ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል።

ስለዚህ ከመነሣቱ በፊት ስኳሩን ይለካ። በመንገድ ላይ ምልክቱ ከተሰማው ዳር ይዞ ይቁም፤ ሞተሩንም ያጥፋ። ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ ይጠጣ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላም ይለካ። በመለኪያው ላይ ከ70 በታች ከታየ ይድገም፤ ሲሻለውም ምግብ ይብላ። ስኳሩ ከተስተካከለ በኋላ እንኳ 45 ደቂቃ ያህል ሳይቆይ አይንዳ፤ አእምሮ ዘግይቶ ይረጋጋልና።

«ጾሜን እንዴት በመንገድ ላይ እፈታለሁ?» የሚል ቢኖር፥ ቤተ ክርስቲያናችን ሕሙማንን በጾም አታስጨንቅም። መድኃኒቱን በገዛ ፈቃዱ ከሚያቋርጥ፥ ጾሙ ሳይገባ ሐኪሙንና የንስሓ አባቱን ያማክር። ጾም ለነፍስ ጥቅም የታዘዘ ነው፤ የባልንጀራን ሕይወት ለአደጋ መስጠት ግን ጽድቅ ሊሆን አይችልም።