ሜዳሊያው የሚመሰክረው ለማን ነው?

እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2023 የቼችኒያው መሪ ራምዛን ካዲሮቭ አንድ ቪዲዮ ለቀቁ። በቪዲዮው የ15 ዓመት ልጃቸው ቁርኣን አቃጥሏል ተብሎ የታሰረን ወጣት ሲደበድብ ይታያል። በቀጣዩ ወር ልጁ «የቼችኒያ ጀግና» ተብሎ ሜዳሊያ ተሰጠው። ታታርስታንን የመሳሰሉ ሙስሊሞች የሚበዙባቸው ሌሎች የሩሲያ ሪፐብሊኮችም ኒሻን ሸለሙት።

ቁርኣን ሲቃጠል ሁላችንም እንቆስላለን። «ለዲኑ የቆመ ተሸለመ» ብለን ከመደሰታችን በፊት ግን የእነዚህን ሜዳሊያዎች ታሪክ እንይ።

በ1844 ዛር ኒኮላስ ቀዳማዊ ክርስቲያን ላልሆኑ ወታደሮች በሚሰጠው የቅዱስ ጊዮርጊስ ሽልማት ላይ የጊዮርጊስ ምስል ቀርቶ ባለ ሁለት ራስ ንስር እንዲተካ አዘዙ። ለእምነታቸው የታሰበ ይመስላል። ንስሩ ግን የዛሩ መንግሥት ዓርማ ነው። የካውካሰሱ ሙስሊም ደረቱ ላይ ያንጠለጠለው አገሩን የወረረውን ዙፋን ነበር።

ታማኝነቱም የአንድ ወገን ብቻ ነበር። ቼቼናዊው ኻንፓሻ ኑራዲሎቭ ከናዚ ጀርመን ጋር ሲዋጋ ሞቶ በ1943 «የሶቪየት ኅብረት ጀግና» ተባለ። ዓመት ሳይሞላው፣ ፌብሩዋሪ 23 ቀን 1944፣ ስታሊን የቼቼንንና የኢንጉሽን ሕዝብ በጅምላ በጭነት ባቡር ወደ መካከለኛው እስያ አጋዘ። ግንባር ላይ ከነበሩ ባለሜዳሊያዎችም ብዙዎቹ ከሠራዊቱ ተለይተው ተጋዙ። ሜዳሊያው አላዳናቸውም።

ካዲሮቭም በ2004 ከፑቲን «የሩሲያ ጀግና» የተባለውን የወርቅ ኮከብ ተቀብለዋል፤ ዛሬ የቼችኒያን ወጣቶች ወደ ዩክሬን ጦርነት ይልካሉ። የልጃቸው ሽልማት የዚሁ ሰንሰለት አንድ ቀለበት ነው። ስሙ የቁርኣን ቢሆንም ሰጪውም ተቀባዩም ሥልጣን ነው።

ቁርኣኑ ራሱ ምን ይላል? የሱረቱል ማኢዳ 8ኛው አያህ ለሰዎች ያለን ጥላቻ ከፍትሕ እንዳያስወጣን ያዘናል። ተጠርጣሪን የሚዳኘው ቃዲ ነው፤ በቁጥጥር ሥር ያለን እስረኛ መደብደብ ጀግንነት አይደለም። በሶሒሕ ሙስሊም የተዘገበ ሐዲስም በቂያማ ቀን መጀመሪያ ከሚፈረድባቸው አንዱ «ጀግና» ለመባል የተዋጋ ሰው እንደሆነ ይነግረናል። ሰውዬው የፈለገውን ስም በዱንያ አግኝቶታል፤ አኺራ ላይ የቀረው የለም።

ያንን ቪዲዮ በስልካቸው ያዩ ልጆቻችን «ጥሩ አላደረገም እንዴ?» ብለው ቢጠይቁን መልሳችን ግልጽ ይሁን። ቁርኣንን የሚያስከብረው በፍትሑ መኖር ነው። መንግሥት የሚሸልመው ለራሱ የቆመለትን ነው፤ ለአላህ የቆመ ሰው ምንዳውን የሚጠብቀው ከአላህ ነው።